ለጋሽ አሊጋዝ አራት ትከሻ

በየጠዋቱ ሦስት ሰው ሆኜ ነው የምነሳው። ፊቴን ሳልታጠብ ብሩህ እባላለሁ። ሻዬን እየጠጣሁ መራራው እሆናለሁ። ፀሐይ የጦሳን ተራራ አናት ስትነካ ደግሞ ስሜ ፉጨት ነው። ይመር የምሆነው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ድካም ስለሚጫነኝ ይመርን ብዙም አላውቀውም።

ነፃ ጸሐፊ ነኝ። ነፃ የተባልነው ማንም ስላልያዘን ነው፤ ማንም ያልያዘን ደግሞ ማንም ስላልፈለገን ነው። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፣ እሱንም ደግሜው። ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። የተማሩት «በአንድ በኩል» ብለው ይጀምሩና «በሌላ በኩል» ይላሉ። አንባቢ ሌላ በኩል አይወድም።

ደሴ ላይ ጋዜጣ የሚባል ነገር የቀረው በአያቶቻችን ጊዜ ነው። አሁን ያለው ድርሻ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ድርሻ አለው። ጠዋት ሲታጠብ መስታወቱ ላይ ይወጣለታል፤ የሚወደውን ብቻ ያነብና ፊቱን አድርቆ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ዜናውን የሚጽፈው አካፋዩ ነው። አካፋዩ ሰው አይደለም። የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ጠይቆ የሚያውቅም የለም። እይታ የሚባለውን፣ ማለትም በወቅቱ ጉዳይ ላይ የሚሰጠውን አስተያየት ግን ለእኛ ተወልን። ሰው ሲስማማም ሲናደድም ከሰው ጋር ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ጸሐፊውን ደግሞ አካፋዩ ከአንባቢው ሰፈር ይመርጣል፤ ለአነጋገሩ ይቀርባል ብሎ መሰለኝ።

ባለፈው ሰሞን ወሬው ሁሉ ከገበያው ወደ ሰፈራችን ስለሚወጣው መንገድ ነበር። ለአቶ መኳንንት ብሩህ ሆኜ፣ መንገዱ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሥራ ነው ብዬ ጻፍኩ። ለሙሄ መራራው ሆኜ፣ መንገዱ በሕዝብ እንባ የተሠራ ነው፣ እሱም ቢሆን አልተሠራም ብዬ ጻፍኩ። ደምሴ ከኳስ በቀር ምንም አይፈልግም፤ ለሱ ፉጨት ሆኜ፣ የክለባችን ተከላካይ መስመር ከዚያ መንገድ የባሰ ክፍት ነው አልኩት። ሦስቱም ወደዱት። ሦስቱም የኔው ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ከቤቴ በላይ፣ አንዱ ከቤቴ በታች፣ ደምሴ ፊት ለፊት። ጸሐፊያቸው እኔ መሆኔን አያውቁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ከዚያ የምናወራው ስለሌለ እናልፋለን። ምን እናውራ? ስለ ዝናብ እንኳ ብናነሳ የአንዱ ድርሻ ዘንቧል ይላል፣ የሌላው ደግሞ ድርቅ ነው።

አራተኛው አንባቢዬ ጋሽ አሊጋዝ ነው። ግድግዳ እንጋራለን፤ የምጽፍለት እኔ መሆኔን የሚያውቀው እሱ ቤት ብቻ ነው። ድርሻ ሲገባለት ምን ትወዳለህ፣ ምን ትጠላለህ፣ ምን እንዳይነገርህ ትፈልጋለህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አንዱንም ሳይመልስ ተወው። አካፋዩ ግራ ገባው። «የፈለግከውን ጻፍለት» ብሎ ለኔ ጣለው።

እኔም የፈለግኩትን ጻፍኩለት። ሐይቅ ውስጥ ጉማሬ ተገኝቶ፣ የነዋሪነት መታወቂያ ይሰጠኝ ብሎ ቀበሌ ተሰልፏል አልኩት። ጦሳ ክረምቱ ስለበረደው ወደ ከተማው አንድ ክንድ ጠጋ ብሏል አልኩት። የደሴን ጉም በጆንያ እየሞሉ ለበረሃ አገር እየሸጡት ነው አልኩት። መልሱ ሁልጊዜ መስታወቴ ላይ በአንድ ቃል ይመጣል፤ «ውሸታም።» ቀጥሎ ግድግዳው በመዳፍ ሁለቴ ይመታል። ቀጥሎ ድምፁ፤

«ስማ አንተ! ጉም በጆንያ አይያዝም፣ ያፈሳል! በቅል ብትል አምንህ ነበር!»

«ቅሉ አልቆ ነው ጋሼ!»

«ኧረ ወዲያ! ውሸታም!»

በቀን ውስጥ ከሰው አፍ የምሰማው ይህንኑ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ ገና ብሩህን ሳልጨርስ ግድግዳው ተመታ። አመታቱ የሱ አልነበረም፤ ቀስ ያለ ነው።

«ይመር፣ እስቲ ብቅ በል» አለች ሚስቱ፣ እትዬ ዘምዘም።

ስገባ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አገጯ ሥር አጥብቃ ይዛዋለች።

«ሱብሒን ሰግዶ ጋደም አለ» አለችኝ። «ሻይ ይዤለት መጣሁ። ዝም አለኝ። አሊጋዝ ዝም ብሎኝ ያውቃል?»

አያውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አላህ ያጥናሽ እትዬ።»

«አሚን። ለቅሬው ንገርልኝ። ሰው ይምጣ። መኪናው እንዳይመጣበት ይመር፣ አደራህን። በመኪና አይሄድም።»

መኪናው የከተማው ነው። አራት ተሸካሚ ያልተገኘለትን ሬሳ ከአስር ሰላት በኋላ መጥቶ ይወስዳል። ሾፌር የለውም። ጨዋ ነው፣ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚዘጋው። ከከተማው ውጪ በቁጥር የተከፋፈለ ሜዳ አለ፣ እዚያ ያደርሳል። ከሰፈራችን በትከሻ የሄደ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። ጋሽ አሊጋዝ ግን ጉልበት በነበረው ጊዜ እስላም ክርስቲያን ሳይል የሰፈሩን ሰው ሁሉ ተሸክሟል። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሎ የቀረው ለዚህ ነው።

የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን ማለት ነው፣ ዳኛ አቶ ይማም ናቸው። ደወልኩላቸው።

«ኢና ሊላሂ!» አሉ። «መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ለሰው ይነገር።»

«አሁኑኑ ነዋ!» መስታወታቸውን ነካ ነካ ሲያደርጉ ተሰማኝ። «ይኸው ተላልፏል።»

«ለማን ለማን ደረሰ?»

«ቆይ እስቲ... ለማንም አልደረሰም።»

«እንዴት ለማንም?»

«ሁሉም ‹ሐዘን አይምጣብኝ› የሚለውን መርጠዋላ። ድርሻቸው አያስገባውም። አንተም መርጠሃል እኮ ይመር፣ ስምህ ይኸው እዚህ አለ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አሁን ካንተ ሰማሁ!» አሉ፣ ራሳቸውም ተገርመው። «ይኼ ጉልበቴ ባይዘኝ እመጣ ነበር። ዱዓዬን በመስታወት እልካለሁ።»

የመጡት ሼህ ኑሩ ብቻ ናቸው። እሳቸው ቤት መስታወት የለም፤ እትዬ ዘምዘም ራሷ ሄዳ ነው የጠራቻቸው። ምርኩዛቸውን በር ላይ አስደግፈው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ውሃ አሞቅሁ፣ አብረን አጠብነው፣ ከፈኑን አለበስነው። ሼሁ ሲጨርሱ እኔን አዩኝ፣ ግቢውን አዩት፣ መልሰው እኔን አዩኝ።

«እኔን አትቁጠረኝ ልጄ» አሉኝ። «አራት ትከሻ ፈልግ።»

በአሁኑ ጊዜ ሳያስታውቅ በር የሚያንኳኳ ሰው ያስደነግጣል። አቶ መኳንንት በሩን አልከፈቱም፤ ድምፃቸው ብቻ ወጣ።

«ማነው?»

«ይመር ነኝ፣ ጎረቤትዎ። ጋሽ አሊጋዝ አረፈ፣ ሰው አጣን።»

«ድርሻዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«አይኖርም። በሩን ይክፈቱና ላሳይዎት፣ እዚህ ታች እኮ ነው።»

«ሰፈሬ ሰላም ውሎ እንደሚያድር ነው ጠዋት ያነበብኩት።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አትቀየመኝ ወንድሜ፣ አንተ ቀልደኛ መሆንህን ሰፈሩ ያውቃል። እኔ አንድ የማምነው ጸሐፊ አለ፣ ብሩህ የሚባል። እሱ ካልጻፈው አልተደረገም።»

ብሩህ በራፋቸው ላይ ቆሞ ይሰማቸው ነበር።

ሙሄ ዘንድ ሄድኩ። እሱ በሩን በጣት ስፋት ከፈተና በቀዳዳው አንድ ዓይን አወጣ።

«ማን ልኮህ ነው?»

«እትዬ ዘምዘም ናታ!»

«ሰውን ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሰበስቡት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። መራራው ባለፈው ጽፎታል፣ ‹ከቤት ውጡ ቢሏችሁ እንዳትወጡ› ብሎ።»

ጽፌያለሁ። ስለ ምን እንደነበረ ግን ረሳሁት።

ደምሴ ቤት ጨዋታ እየተላለፈ ስለነበር አልሰማኝም።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ፊቴ አርጅቷል፤ ሦስት ሰው ሲካፈለው ቶሎ ያልቃል። ምን አለፋችሁ፣ ጻፍኩ። ብሩህ ሆኜ፣ ሚኒስትሩ ዛሬ ከቀትር በኋላ መንገዱን ለመመረቅ ሰፈራችን ድረስ ይመጣሉ፣ ሕዝቡ በአቶ አሊጋዝ በራፍ ይሰባሰባል አልኩ። መራራው ሆኜ፣ ያንን የውሸት ምረቃ የሚያወግዝ ሰልፍ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በራፍ ይጀመራል፣ የቀረ እንደሸጠን ይቆጠራል አልኩ። ፉጨት ሆኜ፣ የክለባችን አውቶብስ በዚያ ያልፋል፣ ተጫዋቾቹ ማሊያቸውን እያወለቁ ይወረውራሉ አልኩ።

አካፋዩ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ደንበኛው ይወደዋል?» ብሎ ነው። አዎ አልኩ። «ለመሰሎቹም ላዳርሰው?» አለኝ። ይህን ከዚህ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ሦስት ሰው ነበር የምፈልገው። ደክሞኝ ስለነበር ለዚህም አዎ አልኩ።

የቀትሩ ሰላት፣ ዙሁር፣ ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ የሰው ድምፅ መጣ። በአጥሩ አጮልቄ አየሁ። ጉድ እኮ ነው! ጦሳ ራሱ የወረደ እስኪመስል ዳገቱ በሰው ጠቁሯል። ከላይ ሱፍ የለበሱ፣ ባንዲራ የያዙ። ከታች ጨርቅ ላይ የጻፉ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ። መሀል ላይ ስካርፍ ያጠለቁ። የላዮቹ የታቾቹን ‹ለምረቃው የመጡ ናቸው› ብለው ፈገግ ይሉላቸዋል፣ የታቾቹ የላዮቹን ‹በመጨረሻ ነቁ› ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁላቸዋል። እንደዚያ ተግባብተው አይቻቸው አላውቅም። ከስካርፎቹ መሀል ደምሴ ረጅም ጡሩምባ አውጥቶ ነፋ።

እትዬ ዘምዘም ከውስጥ ቀና አለች።

«ጡሩምባ ነፉለት?»

ከአጥሩ ተመልሼ ወደ ቃሬዛው ሄድኩ።

«ልጅ ሆኜ ሰው ሲሞት እንዲህ ነበር የሚነፋው» አለች። «አሊጋዝ አለመስማቱ! ነፉለት፣ አይደል?»

«ነፉለት እትዬ።»

ቃሬዛውን እስከ በር የሚያወጣ ሰው አልነበረም። እኔ ከፊት ያዝኩ፤ እትዬ ዘምዘም ሼሁን ወደ ጎን አድርጋ ከኋላ ያዘች። ሴት ቃሬዛ አትይዝም፤ ሼሁ ግን ምንም አላሉም። ወጣን። ከበሩ ውጪ ያለው ጫጫታ ከፊት ጀምሮ እየጠፋ ወደ ኋላ ሄደ፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲያባራ እንደሚሆነው።

አቶ መኳንንት የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበሩ፣ ክራባት አድርገው። ቃሬዛውን አዩት። ከኋላ የያዘችውን አዩ።

«ኧረ ነውር ነው!» አሉ። «ኧረ እናትየው፣ ይልቀቁት!» አሉና ባንዲራቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ከእጇ ተቀበሏት።

ሙሄ ይህን ሲያይ አላስቻለው። መኳንንት ተሸክሞ ሙሄ ቆሞ ሊያይ ነው? በትከሻው ሰው ገፍቶ መጣና ሌላውን ጫፍ ያዘ። ደምሴ ጡሩምባውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከኔ ጎን ገባ። አራት ሆንን።

«ሚኒስትሩ የታሉ?» አሉ አቶ መኳንንት በጆሮዬ።

«ከላይ ነው የሚጠብቁት፣ ሜዳው ላይ።»

«ሰልፉስ?» አለ ሙሄ።

«ከላይ ነው የሚጀመረው።»

«አውቶብሱ...» አለ ደምሴ።

«በላይ ነው የሚያልፈው።»

መቃብሩም ከላይ ነው። ወደ ላይ ጀመርን፣ ሕዝቡም ተከተለን።

ዳገቱ ላይ አቶ መኳንንት ማለክለክ ጀመሩ። ቢሆንም ዝም አላሉም።

«አየህ አስፋልቱን? እንደ ምንጣፍ እኮ ነው።»

«የቱን አስፋልት?» አለ ሙሄ። «ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ነው!»

«ጭቃ? የት አለ ጭቃ?»

«እርስዎ የረገጡት!»

«ሰው ተሸክማችሁ አትጨቃጨቁ» አሉ ሼህ ኑሩ፣ በምርኩዛቸው እየተከተሉ።

ወደ እግሬ አየሁ። ኮብልስቶን ነው። እኔ ሳልወለድ የተነጠፈ፣ ግማሹ የተነቀለ። ለማን እነግራለሁ?

«ቀስ በሉ፣ ወደ ግራ ያዘነብላል» አለ ደምሴ።

«የሱ ትከሻ ነው፣ ድሮም ዝቅ ያለ ነው» አልኩት። ሳላስበው ድምፄ ተሰበረ። ደምሴ ዞር ብሎ አየኝና የያዘውን ጫፍ ትንሽ ከፍ አደረገልኝ።

መሀል ላይ ሌሎች ተቀበሉን፣ ከነሱ ደግሞ ሌሎች ተቀበሉ። ማንም አላዘዘም። ሱፍ የለበሰው ፊቱን ለሸፈነው ይሰጣል፣ እሱ ለባለ ስካርፉ። ትከሻቸው የሚያውቀውን እነሱ ረስተውታል። ሼህ ኑሩ ሰገዱበት፣ ስግደቱን ከሚያውቁት ጋር የማያውቁትም ከኋላ ተደርድረው ቆሙ። አፈር አለበስነው። አስር ሰላት ሲደርስ ያ መኪና ከታች መጥቶ የጋሽ አሊጋዝ በራፍ ላይ ሲቆም ከላይ አየነው፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ባዶውን ቀስ ብሎ ሄደ።

ሕዝቡም ወረደ። ሚኒስትሩ አልመጡም፣ መፈክር አልተሰማ፣ አውቶብስ አላለፈ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቤቴ ገብቼ ከነጫማዬ ጋደም አልኩ። ነገ ሦስቱም ይተዉኛል፣ አካፋዩም ያባርረኛል ብዬ ነበር። ብቻ እፎይታ ቢጤ ተሰማኝ።

በማግስቱ መስታወቴ ላይ መልእክት ሞልቶ አገኘሁ።

አቶ መኳንንት ለብሩህ፤ «ምረቃው ድንቅ ነበር። ሚኒስትሩ ምን ዓይነት ትሁት ሰው ናቸው! ከተራው ሕዝብ ጋር ሸክም ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።»

ሙሄ ለመራራው፤ «ታሪካዊ ሰልፍ! የሥርዓቱን ሬሳ ተሸክመን መቅበራችን ለወዳጅም ለጠላትም ትምህርት ነው። የማን ሐሳብ ነበር?»

ደምሴ ለፉጨት፤ «ወንድሜ፣ ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል። ዋንጫው እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ የራሴን ድርሻ ከፈትኩ። «ደሴ ትናንት ሰላም ዋለች» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ሐዘን አይምጣብኝ ብዬ የለ?

ከሥሩ የዕለቱ ሥራ ተዘርዝሯል። ለአቶ መኳንንት፣ ለሙሄ፣ ለደምሴ፣ ለአቶ አሊጋዝ። አካፋዩ ከዝርዝሩ አላወጣውም። በራሱ ድርሻ ላይ ሞተ የሚል ካልወጣ አንባቢ አይሞትም።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። በሕይወቴ የዋሸሁትን ሁሉ የሚያስንቅ ውሸት ጻፍኩለት። ትናንት አሊጋዝ የሚባል ሰው በራሱ ቀብር ላይ ተገኘ፣ ተሸካሚ ሲያጥር ከቃሬዛው ወርዶ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ ከቀበሩት በኋላ ጉም በጆንያ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ አልኩ። ላክሁት። ከዚያ እጄን ግድግዳው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

መልሱ ወዲያው መጣ፣ በሱ ስም።

«እውነት ብለሃል።»

ግድግዳው ዝም አለ። ያንን ቃል ቆሜ አየሁት። ጋሽ አሊጋዝ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ በጆንያው ጊዜም አላለፈኝም። በሱ ስም የመለሰልኝ አካፋዩ ነው፣ ይወደዋል ብሎ።

ተነስቼ እትዬ ዘምዘም ዘንድ ሄድኩ። ብቻዋን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ሼህ ኑሩ ቁርአን አንብበውላት ወጥተዋል። ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ይመር።»

«አቤት እትዬ።»

«ዛሬ መስታወቱን አየሁት። ከተማው ሁሉ ለአሊጋዝ ብሎ ነቅሎ ወጣ፣ ትልቅ ትንሹ አለቀሰለት ይላል። አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ አይደለሁም።»

«እንግዲያው እውነት ነው?» አየችኝ። «ለሱ ብለው ነው የመጡት? እውነቱን ንገረኝ።»

አፌ ላይ የተዘጋጀ ነገር ነበር፣ ሥራዬ ነው። አዎ እትዬ፣ የሚወድዱት ብዙ ነበሩ፣ እልና አበቃ። ግን ደከመኝ። ሌላ ሰው ለመሆን ጉልበት አጣሁ።

«አይደለም እትዬ» አልኳት። «ግማሾቹ የመጡት ሚኒስትር ይመጣል ብዬ ጽፌላቸው ነው። ግማሾቹ ሚኒስትሩን ሊቃወሙ ነው። ደምሴና ጓደኞቹ የኳስ አውቶብስ ሊያዩ ነው። ጡሩምባውም ለኳሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ደምሴ የተሸከምነው ዋንጫ ነው ብሎ ጻፈልኝ።»

እትዬ ዘምዘም አየችኝ። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ምን አፍ አለኝ ብዬ ራሴን ረገምኩ።

«ዋንጫ?» አለች።

«ዋንጫ።»

«አሊጋዝን?»

«ወላሂ እትዬ።»

«ኧረ ወዲያ!» አለች። ነጠላዋን በአፏ ላይ አደረገች፣ ትከሻዋ መርገፍገፍ ጀመረ፣ ሳቋ ግን ከነጠላው ሥር አመለጣት። «ኧረ ወዲያ! አንተ ውሸታም!»

እንባዋ እየወረደ፣ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ ሁለቴ መታችው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የኔ ክፍል ነው፤ ማንም አልነበረበትም።